የአንባቢያን ጥያቄ፦ የቺኩንጉንያን በር የሚዘጋ መርፌ አለ ወይ?

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ትንኝ ናቸው። አይገርመኝም። ክረምቱ ወጥቷል፤ አዳማ መሞቅ ጀምራለች፤ በየግቢው ያለው በርሜል ሞልቷል። አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ። ለአዲስ አንባቢዎች ያህል፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። 24 ዓመት በላቦራቶሪ ውስጥ ደም ስመረምር የኖርኩ ሴት ነኝ።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ ወደ መተሃራ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት አለን። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ ይመላለሳል። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ አድሮ ሲመለስ ትኩሳት ያዘው። ቺኩንጉንያ ነው ተባለ። ትኩሳቱ በሳምንት ለቀቀው። መገጣጠሚያው ግን እስከ ሚያዝያ ድረስ አላስቀመጠውም። የጎማ ብሎን ማጥበቅ አቅቶት ልጃችን ነበር የሚያጠብቅለት። ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይዞ ነበር የሚሄደው። ሰሞኑን በሬዲዮ ሳይንቲስቶች ቫይረሱ ወደ ሰውነት የሚገባበትን በር መዝጋት ቻሉ ሲባል ሰማሁ። መርፌው እኛ ጋ ደርሷል? ዋጋውስ ስንት ነው? ለወባስ ይሠራል? እኔም ልጆቼም ብንወጋው ደስ ይለኛል። ደግሞ ደጃችን ላይ አሮጌ ጎማ ተቆልሏል። ጎረቤቶች ትንኝ ያመጣል እያሉ ያስቸግሩናል። እውነት ነው?

የጎሚስታ ቤት እመቤት፣ አዳማ

መልስ

እህቴ፣ ቁርጡን አስቀድሜ ልንገርዎት። እንዲህ ያለ መርፌ አዳማም፣ አዲስ አበባም፣ ውጭ አገር ፋርማሲም ውስጥ የለም። «አለኝ» የሚል ሰው ቢመጣብዎት ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።

የሰሙት ነገር ግን ውሸት አይደለም። እንዲያውም እኔ እንደዚህ ልቤን የነካው የሕክምና ዜና ጥቂት ነው። እርስዎ ጎማ ያውቃሉና በጎማ ላስረዳ።

ኮምፕሬሰሩ የቱንም ያህል ቢያገሳ፣ የቱቦው አፍ ቫልቩን ካልያዘ አየር ወደ ጎማው አይገባም። ጎማውን በሌላ በኩል ቢነካካው ምንም የለም። ቫይረስም እንደዚያው ነው። ብቻውን መራባት አይችልም፤ የግድ ሴል ውስጥ መግባት አለበት። ሴሉ ደግሞ ዙሪያውን የተዘጋ ነው። ላዩ ላይ ግን ብዙ ዓይነት ፕሮቲኖች ቆመዋል። ሴሉ ለራሱ ሥራ ያቆማቸው ናቸው። ቫይረሱ ከእነዚያ አንዱን ጨምድዶ ይይዝና በዚያ በኩል ይገባል። ባለሙያዎች ይህን ፕሮቲን «ተቀባይ» ይሉታል።

ቺኩንጉንያ የሚይዘው የትኛውን እንደሆነ ለረጅም ዘመን አልታወቀም ነበር። ቫይረሱ ራሱ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1952 ዛሬ ታንዛኒያ በምንላት አገር ደቡብ፣ ማኮንዴዎች በሚኖሩበት አምባ ላይ በተነሳ ወረርሽኝ ነው የታወቀው። ስሙም የመጣው ከቋንቋቸው ነው። «የሚያጎብጥ» እንደማለት ነው። ባለቤትዎ ግድግዳ ይዞ ሲሄድ ያዩት ያንኑ ነው።

በሩ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ባለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው የማይክል ዳይመንድ ቡድን ነው ያገኘው። አሠራራቸው ትዕግሥት የተሞላ ነው። ክሪስፐር በሚባለው የጂን መቀስ ብዙ ሴሎችን ወስደው ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ጂን አበላሹ። ከዚያ ቫይረሱን ለቀቁባቸው። አብዛኞቹ ሴሎች ተያዙ። ያልተያዙትን ለቅመው «እናንተ ምን ጎድሏችሁ ነው የተረፋችሁት?» ብለው መረመሩ። የጎደለው ኤምኤክስአርኤ8 የሚባል ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። እሱ ነው ቫልቩ።

ይህ ፕሮቲን የት የት እንደሚገኝ ሲያውቁ የባለቤትዎ ሕመም ይገባዎታል። የቆዳ ሴሎች ላይ አለ። ጡንቻ ላይ አለ። አጥንትን በሚሠሩ ሴሎችና በመገጣጠሚያ ላይ ባለው ለስላሳ አጥንት ላይም አለ። ትንኟ ቫይረሱን ቆዳ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። የሚሄደው ቫልቩ ወዳለበት ነው። ስለዚህ ነው ቁርጭምጭሚትና የእጅ አንጓ ላይ የሚበረታው።

እንግዲህ ቫልቩ ከታወቀ ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው ቆብ መግጠም ነው። ቫልቩ ላይ የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራው ዓይነት ፕሮቲን) ይሠሩና ቫይረሱ የሚይዘውን ቦታ ይሸፍኑታል። ሁለተኛው ማታለያ ነው። ከጎማ የተነቀሉ ልቅ ቫልቮችን መሬት ላይ በብዛት እንደመበተን ያስቡት። ቱቦው አንዱን ሲይዝ እዚያው ተይዞ ይቀራል፤ ጎማው ጋ አይደርስም። ተመራማሪዎቹ ተቀባዩን ፕሮቲን ብቻውን ሠርተው በደም ውስጥ እንዲንሳፈፍ አደረጉት። ሁለቱንም በአይጥ ሞክረዋቸዋል። ሁለቱም ሠርተዋል። የአይጦቹ እግር እብጠት ቀነሰ፤ የቫይረሱ መጠንም ቀነሰ።

ይህ ብቻ አይደለም። በዚሁ በር የሚገቡ ሌሎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1959 ዩጋንዳ ላይ የታወቀው ኦኒዮንግንዮንግ አንዱ ነው። እሱን የምታስተላልፈው ደግሞ የወባዋ ትንኝ አኖፊለስ ናት። የአውስትራሊያው ሮስ ሪቨርና የደቡብ አሜሪካው ማያሮም እዚሁ ቫልቭ ላይ ነው የሚገጥሙት። ለእያንዳንዱ ቫይረስ ለየብቻ ክትባት ከመፈለግ አንድ ቆብ ለብዙዎቹ ሊበቃ ይችላል ማለት ነው። ተስፋዬ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሁን የላሟን ነገር ልንገርዎት። እናቴ ወንጂ አጠገብ ስትኖር ሁለት ላሞች ነበሯት። ማታ ማታ ትንኝ እንዳይበላቸው ኩበት ታጨስላቸው ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ «ላም ወባ አይዛትም፤ ምን አስጨነቀሽ?» እላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን ጥናት ሳነብ እናቴን አስታወስኩ። ላሞችም እንደ እኛ ይህ ቫልቭ አላቸው። የእነሱ ግን ቺኩንጉንያ የሚይዘው ቦታ ላይ 15 አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ትናንሽ ጡቦች) የሚያህል ተጨማሪ ጉብታ አለው። ስለዚህ ቫይረሱ መግጠም አይችልም። በግና ፍየል ግን ይህ ጉብታ የላቸውም። ተመራማሪዎቹ ያንን የላም ጉብታ ለአይጦች ሰጥተው ሲያዩ አይጦቹም ከበሽታው ተጠበቁ። ቆቡን ተፈጥሮ አስቀድማ ገጥማዋለች ማለት ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ታዲያ መርፌው ለምን አልመጣም? አንደኛ፣ አይጥ ሰው አይደለችም። በአይጥ ሠርቶ በሰው ያልሠራ መድኃኒት ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ ቆብ የገጠሙበት ቫልቭ ለራሱ ሥራም አይሆንም። ሴሉ ያንን ፕሮቲን ያቆመው ለምክንያት ነው። ስንት ጊዜ ሸፍኖ ማቆየት ይቻላል? ጉዳቱስ? ይህ ቀስ ተብሎ መታየት አለበት። ሦስተኛው እኔን የሚያሳስበኝ ነው። ፀረ እንግዳ አካል ውድ ነው፤ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ከጊዜ በኋላም ከሰውነት ይወጣል። ድሬዳዋ ላይ በ2011 መጨረሻና በ2012 መግቢያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታሟል። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ማን ያዳርሰዋል? እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ መውለጃቸው ለደረሰ እናቶች እላለሁ። እናት በምትወልድበት ሰሞን ከታመመች ሕፃኑ በወሊድ ጊዜ ሊያዝ ይችላል፤ በሕፃን ላይ ደግሞ ይከፋል። ቀጥሎ አረጋውያን።

ለባለቤትዎ የቀረ ቁርጥማት ግን ይህ መንገድ አይረዳም። ቫይረሱ ከገባ ወዲያ በሩን መዝጋት ምን ያደርጋል? መከላከያ እንጂ ማስታገሻ አይደለም። ደግነቱ አንዴ ቺኩንጉንያ የታመመ ሰው በአብዛኛው ዳግመኛ አይያዝም።

ሕልም ነው እንዳይሉኝ አንድ ነገር ልጨምር። በሩን የመዝጋት ሐሳብ በኤችአይቪ ላይ ወደ ፋርማሲ ደርሷል። ማራቪሮክ የሚባለው ክኒን እ.ኤ.አ. በ2007 ፈቃድ አግኝቷል። የሚሠራው ቫይረሱን በመግደል አይደለም፤ ቫይረሱ የሚይዘውን ሲሲአር5 የተባለ ተቀባይ በመሸፈን ነው። ስለዚህ መንገዱ አለ። ለትንኝ ቫይረሶች ገና አልተደረሰም እንጂ።

ክትባትን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2025 ሁለት የቺኩንጉንያ ክትባቶች አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝተው ነበር። የመጀመሪያው በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት እዚያው ታግዷል። በእኛ አገር መደበኛ ክትባት ውስጥ ሁለቱም የሉም።

ስለ ወባ ለጠየቁኝ፦ ወባ ቫይረስ አይደለም፤ ጥገኛ ተህዋስ ነው። በሩም ሌላ ነው። ግን እሱም በር አለው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ቀይ የደም ሴል ውስጥ ለመግባት ዳፊ የሚባል ፕሮቲን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ነው ይህ የታወቀው። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ አብዛኛው ሰው ዳፊ በቀይ ደም ሴሉ ላይ የለውም፤ ስለዚህ እዚያ ቫይቫክስ እምብዛም ነው። እኛ አገር ያለውም የሌለውም ተቀላቅሎ ይኖራል። ለዚህ ነው እኔ በማይክሮስኮፕ ፋልሲፓረም የሚባለውን ሌላውን የወባ ዓይነትም ቫይቫክስንም ሳይ የኖርኩት። ቆየት ብሎ ግን ዳፊ የሌላቸው ሰዎችም ቫይቫክስ ሲይዛቸው ተገኘ፤ አንዳንዶቹም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ። አንዱ በር ሲዘጋበት ሌላ የሚፈልግ አለ። በር የሚዘጉት ሳይንቲስቶችም ይህን አይዘነጉም።

አሁን ወደ ጎማዎ። ጎረቤቶችዎ እውነት አላቸው፤ አይቀየሟቸው። ቺኩንጉንያንም፣ ደንጌ የሚባለውን ሌላ የትንኝ ቫይረስም የምታስተላልፈው ኤዲስ የምትባል ትንኝ ናት። ጥቁር ናት፤ እግሯ ላይ ነጭ ነጭ ቀለበት አላት። ረግረግ አትፈልግም። ጎማ ውስጥ የቀረ አንድ ኩባያ የዝናብ ውሃ ይበቃታል። እንቁላሏን ከውሃው ከፍ አድርጋ ግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለች። እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። የኤዲስ ወገን የሆነች ሌላ ዝርያ ከእስያ አሜሪካ የገባችው በአሮጌ ጎማ ንግድ ነው። እናንተ ደግሞ ያላችሁት የድሬዳዋና የጅቡቲ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው።

የማይጠገኑትን አሳልፈው ይስጡ። ለሽያጭ የያዙትን ጣሪያ ሥር ያስገቧቸው። ጣሪያ ከሌለ ሸራ ያልብሱና ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ እንዳይኖረው ወጥረው ይሰሩት። ልጆች የሚወዛወዙበት ወይም አጥር የሆነ ጎማ ካለ ከታች በኩል ይብሱት፤ መሣሪያው ቤትዎ አለ። ይህች ትንኝ ሩቅ አትበርም። የምትነክስዎት ትንኝ በአብዛኛው ከእርስዎ ግቢ ወይም ከጎረቤት ግቢ የተፈለፈለች ናት።

ደግሞም ባለቤትዎ ከመንገድ በትኩሳት ከተመለሰ በመጀመሪያው ሳምንት ቀንም አጎበር ውስጥ ይተኛ። አጎበሩ የሚጠቅመው እርስዎንና ልጆቹን ነው። በዚያ ሳምንት ቫይረሱ ደሙ ውስጥ አለ፤ አንዲት የግቢ ትንኝ ከእሱ ቀድታ ለእናንተ ልታደርሰው ትችላለች።

ጥያቄ

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ተቀባይ የሚባለው ፕሮቲን ለቫይረስ በር ከሆነ ሰውነታችን ለምን አያስወግደውም? ትንኟስ ቫይረሱን ተሸክማ ለምን አትታመምም? በሩ እሷም ላይ አለ?

ተማሪ፣ አዳማ

መልስ

ልጄ፣ ጥያቄህ የተመራማሪ ጥያቄ ነው። ሰውነታችን በሩን ለቫይረስ ብሎ አልሠራውም። ለራሱ ነው የሠራው።

ምሳሌ ልስጥህ። የፈረስና የሰው አንጎል የሚያቃጥሉ የትንኝ ቫይረሶች አሉ። ከእነሱ አንዱ የምሥራቅ የፈረስ አንጎል ብግነት ይባላል። የሚገባበትን በር እ.ኤ.አ. በ2021 ሃርቫርድ ውስጥ የጆናታን አብርሃም ቡድን አሳወቀ። ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው፤ ቪኤልዲኤልአር እና አፖኢአር2። እነዚህ ሁለቱ ጽንስ እያለን የአንጎላችን ሴሎች ቦታ ቦታቸውን እንዲይዙ የሚያደርጉ ናቸው። ያለ እነሱ አንጎል በወጉ አይገነባም። እንዴት አድርጎ ሰውነት ያስወግዳቸው? ለዚህም ነው ተመራማሪዎች በእንዲህ ዓይነቱ በር ላይ ቆብ ከመግጠም ይልቅ ማታለያውን የሚመርጡት። የተቀባዩን ቁራጭ ደም ውስጥ ይለቁታል፤ እውነተኛው በር ሥራውን ይቀጥላል። በዚህ ዘዴ የተጠበቁ አይጦች በእነዚሁ በሮች ከሚገባ፣ የሰምሊኪ ደን ከሚባል ሌላ ገዳይ የትንኝ ቫይረስ ተርፈዋል።

ሌላ ልጨምርልህ፤ ለአንተ ቅርብ ነው። የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በስማችን የተጠራ በሽታ አለ፤ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ በጎች ሲያልቁ ነው የታወቀው። በግና ላም ያስወርዳል። ሰው ከታመመ እንስሳ ደምና ከትንኝ ይይዘዋል። የእሱም በር እ.ኤ.አ. በ2021 ተገኝቷል፤ ኤልአርፒ1 ይባላል። ጉበት ላይም፣ አንጎል ላይም፣ ብዙ ቦታ አለ። ሥራው ስብንና አሮጌ ፕሮቲንን ከደም እያነሳ ማጽዳት ነው። ቫይረሱ የጽዳት ሠራተኛውን ጋሪ ተሳፍሮ ይገባል ማለት ነው።

ኤምኤክስአርኤ8 ግን ለየት ይላል። ያ ፕሮቲን ጨርሶ የሌላቸው አይጦች ተወልደው ያድጋሉ። ቺኩንጉንያ ሲሰጣቸው ሕመሙ በጣም ይቀንሳል፤ ግን ቫይረሱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ትናንሽ መሹለኪያዎች አሉት ማለት ነው።

ስለ ትንኟ የጠየቅከው ግሩም ነው። ትንኝ ይህ ፕሮቲን የላትም። ቫይረሱ በእሷ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ሌላ ነው። ከሆዷ ተነስቶ ምራቋ እስኪደርስ ቀናት ይወስድበታል፤ ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ታስተላልፈዋለች። ብዙም አይጎዳትም። ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ቤቶች ውስጥ በሁለት የተለያየ በር የሚገባ እንግዳ አስብ። በሰው በኩል ያለውን በር ብናገኘውም፣ በትንኟ በኩል ያለው ገና ብዙ ሥራ የሚፈልግ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እሱን አስብበት።

ጥያቄ

በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋ ስሠራ ደንጌ ታምሜ ነበር። አሁን አዳማ ምግብ ቤት ከፍቻለሁ። ከእንግዲህ ደንጌ አይዘኝም አይደል? ለደንጌስ በሩ ተገኝቷል ወይ?

ነጋዴ፣ አዳማ

መልስ

ወንድሜ፣ ይህን በጥሞና ያንብቡልኝ። ደንጌ አራት ዓይነት ነው። አንዱን ከታመሙ ከዚያው ዓይነት ይጠበቃሉ፤ ከሦስቱ ግን አይጠበቁም። እንዲያውም ሁለተኛው በሌላ ዓይነት ሲመጣ ሊብስ ይችላል።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ራሱ የበር ነገር ነው። ደንጌ እንደ ቺኩንጉንያ አንድ የታወቀ ዋና በር የለውም። በተለያዩ ፕሮቲኖችና ስኳሮች ላይ እየተንጠላጠለ ይገባል። አንዱን ቢዘጉበት ሌላ ይይዛል። ስለዚህ ለእሱ አንድ ቆብ መሥራት ከባድ ነው። ከዚህ የከፋው ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሕመም የተሠሩት ፀረ እንግዳ አካላትዎ ሁለተኛውን ዓይነት ይይዙታል፤ ግን በደንብ አያሽመደምዱትም። የመከላከያ ሴሎች ደግሞ ፀረ እንግዳ አካል የያዘውን ሁሉ ጎትተው ወደ ውስጥ ያስገባሉ፤ ሥራቸው ነው። ቫይረሱ በእነሱ እጅ ተይዞ በሰላም ይገባል። ጠባቂው ራሱ በሩን ይከፍትለታል። በሽታው የሚበረታው በዚህ ነው።

እኔም በዚያው ዓመት ድሬዳዋ ነበርኩ። ኅዳር ላይ ለሥልጠና ሄጄ በአራተኛው ቀን ትኩሳት ጣለኝ። ከዓይኔ ኋላ የሚወጋ ሕመም፣ አጥንት የሚሰብር ቁርጥማት። ሁለት ጊዜ ደሜ ታየ፤ ወባ የለም። ሦስተኛውን ስላይድ «እኔ ራሴ ልየው» ብዬ ለመንኩ። በትኩሳት እየተንቀጠቀጥኩ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋሁ። ንጹሕ ነው። ከዚያ አንድ ክሊኒክ «ታይፎይድ ነው» አለኝና ለሕመሙ ዲክሎፌናክ ወጋኝ። ማታ ጥርሴን ስፍቅ ድዴ ደማ። ጠዋት ትራሴ ላይ የአፍንጫ ደም አገኘሁ። ያኔ ደንጌ በከተማው ውስጥ አዲስ ነበር፤ ማንም አልጠረጠረም። ሆስፒታል ገብቼ በጉሉኮስ ተረፍኩ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ የነበረች ወጣት ግን በሦስተኛው ቀን አረፈች። ፊቷ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም።

ስለዚህ እባክዎን። ትኩሳት ይዞዎት ወባ ከሌለ፣ ደንጌ አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ፓራሲታሞል ብቻ ይውሰዱ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የመድማትን አደጋ ይጨምራሉ፤ አይውሰዱ። ለሐኪሙም «ከዚህ በፊት ደንጌ ታምሜያለሁ» ብለው ይንገሩ። ደግሞ ትኩሳቱ ሲወርድ ዳንኩ ብለው አይዘናጉ። አደገኛው ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ። ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ ደም፣ መቁነጥነጥ ወይም መደንዘዝ ካዩ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ

ቢጫ ወባ ከወባ ዓይነቶች አንዱ ነው? አጎበር ይበቃዋል?

የሁለት ልጆች እናት፣ አዳማ

መልስ

አይደለም እህቴ። ስሙ ነው ያሳሳተን። ቢጫ ወባ ቫይረስ ነው፤ ቢጫ የተባለው ጉበት ተጎድቶ ዓይን ቢጫ ስለሚሆን ነው። የወባ መድኃኒት አይነካውም። አጎበርም ብቻውን አይበቃም፤ የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ትነክሳለች።

በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ደቡብ ምዕራብ ላይ የተነሳው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ 100,000 ያህል ሰው አሳሞ 30,000 ያህል ገድሏል ተብሎ ይገመታል። አፍሪካ ካየቻቸው ትልልቆቹ አንዱ ነው። ቅርብ ጊዜም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ደቡብ ኦሞ፣ በ2018 ወላይታ፣ በ2020 ጉራጌ ላይ ተነስቷል።

ደስ የሚለው ክትባት አለው። 17ዲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ማክስ ታይለር የሠራው ነው፤ በ1951 ኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። አንድ መርፌ ዕድሜ ልክ ይጠብቃል። በአካባቢዎ ዘመቻ ሲመጣ ልጆችዎን ይዘው ይውጡ።

ጥያቄ

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። በርሜል ላለመያዝ አልችልም። ምን ይሻለኛል?

ጡረተኛ፣ አዳማ

መልስ

አባቴ፣ በርሜሉን ይያዙ። ውሃ የሌለበት ቤት አይሆንም። ሁለት ነገር ብቻ ያድርጉ።

የመጀመሪያው፣ ውሃው ሲያልቅ በርሜሉን ዝም ብለው አይሙሉት። ሮቶም፣ ጀሪካንም ቢሆን። እንቁላሉ የተለጠፈው ግድግዳው ላይ ነው፤ በማለቅለቅ አይለቅም። በሻካራ ብሩሽ ወይም በአሸዋ የውስጡን ዙሪያ ይፈትጉ፤ በተለይ ውሃው ይደርስበት ከነበረው መስመር ትንሽ ከፍ ያለውን። ፈትገው ያወጡትን ውሃ ደረቅ አፈር ላይ ይድፉት፤ ቦይ ውስጥ አይጨምሩት። በሳምንት አንድ ጊዜ ካደረጉት ይበቃል። ከእንቁላል ተነስታ የምትበር ትንኝ እስክትሆን በሙቀት ጊዜ ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ያህል ይፈጅባታል።

ሁለተኛው ክዳን ነው። ቆርቆሮ ክዳን ዳርና ዳሩ ክፍተት አለው፤ ትንኝ በዚያ ትገባለች። ከክዳኑ ሥር የቆየ ነጠላ እጥፍ አድርገው ይወጥሩበት። የሚታሰርበት ገመድ ግን አይሁን፤ ይላላል። ከጎሚስታ ቤት የተጣለ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ይጠይቁ። ሁለት ጣት ስፋት አድርገው ዙሪያውን ከቆረጡት እንደ ቀበቶ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። ውሃ ሲቀዱ ገልበጥ፣ ሲጨርሱ መለስ ነው። እኔ ቤት ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እስካሁን አልተበጠሰም።